አባቴ በእግር፣ እኔ በመኪና፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ስለ ጉዞ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር የተሻገረ ወይም በረሃ ያቋረጠ ነው። እኔ የሄድኩት ግን ከአዲስ አበባ ብዙም ሳልርቅ፣ ከተማዋን ዙሪያዋን በከበቧት ትንንሽ ከተሞች መካከል ነው። ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን የከተማው ሰው የሚያውቃቸው በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ወርዶ ያደረባቸው ጥቂት ነው። እኔም ብሆን ባለፈው ኅዳር አባቴ ባይጠፉብኝ ኖሮ አልወርድባቸውም ነበር። ይህን የምጽፈው ወደዚያ ለማትሄዱ ነው። አገሩን ለማወደስ አይደለም፤ ያኔ አገሩን የሚያይ ዓይን አልነበረኝም። ያስጠጉኝን ሰዎች ግን ሳልጽፍ መቅረት ነውር መሰለኝ።

አባቴ በጉልበታቸው ዘመን ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ከጅማ ቡና በበቅሎ ጭነው እስከ አገራቸው ጎጃም ይወስዱ ነበር። ከተማ ውስጥ ለከብት ሣርም ውሃም የለም እያሉ አዲስ አበባን በስተቀኝ ትተው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዳር ዳሩን ያልፉ ነበር። የጭነት መኪና በመንገዱ ሲበዛ በቅሎዎቹ ተሸጡ፤ እናቴም ስትሞት እኔ ዘንድ ልደታ ሰፈር መጥተው ተቀመጡ። ከሁለት ክረምት ወዲህ ሐሳባቸው ይዋልል ጀመር። ቁርስ ላይ ሳሉ ድንገት ተነሥተው «ጭነቱ ሰበታ ቆሟል እኮ» ይላሉ። ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሊመለሱ ወጡ፤ እንደወጡ ቀሩ።

ሐሙስ

ሰፈሩን፣ ፖሊስ ጣቢያውን፣ ሆስፒታሎቹን አዳርሼ ተስፋ ስቆርጥ፣ ቅቤ ነጋዴ የሆነ ጎረቤቴ ረቡዕ ማታ ከሰበታ ሲመለስ በሬን አንኳኳ። «ጋሼን ዛሬ ጠዋት ሰበታ አየኋቸው መሰለኝ። መኪና ላይ ሆኜ ነው፣ ጠርቻቸው አልሰሙኝም» አለኝ። ሐሙስ ማለዳ ከትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ፈቃድ ጠይቄ፣ ነጠላዬንና አንድ ሹራብ ይዤ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ።

የማስተምረው ሳይንስ ነው፤ ያን ሰሞን ስምንተኛ ክፍሎችን ስለ እንቅስቃሴ አስተምር ነበር። አንድ ነገር ይሄዳል ወይም ቆሟል ለማለት ከምን አንጻር እንደምናየው መናገር አለብን፤ ትምህርቱ ከዚህ ይጀምራል። አውቶቡሱ ውስጥ እንደተቀመጥኩ በጎናችን የቆመው ሌላ አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲንሸራተት፣ የእኛው የተነሣ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ከዚያ በወዲያ በኩል ያለውን ግድግዳ አየሁ፤ ከቦታችን ንቅንቅ አላልንም። ይህንኑ ለልጆች እየሳቅሁ የማስተምር ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን እንባዬ መጣ።

ዓለም ገና ስንደርስ ሞተሩ ፈላ። ሾፌሩ ከወንዝ ውሃ አስመጥቶ እስኪያስነሣው ወርደን ከቀትር በኋላ ድረስ መንገድ ዳር ተቀመጥን። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ሴት ማዘኔን አይተው ምንም ሳይጠይቁ እፍኝ ቆሎ መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ልደታ ብሆን አላፊ አግዳሚው ሰላም ብሎኝ ያልፍ ነበር እንጂ ቆሎ የሚሰጠኝ አልነበረም።

ሰበታ ገበያው አጠገብ ስጠይቅ «ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሂጂ» አሉኝ። ሐጂ ኑሩ ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ የሚሸጡ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ከጀርባቸው የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል። ገና የአባቴን መልክ መናገር ስጀምር ሚዛኑን አስቀምጠው ተነሡ።

«በቅሎ የሚፈልጉት ሽማግሌ? አባትሽ ናቸው?»

«አባቴ ናቸው፤ አሉ?»

«ማክሰኞ ማታ እዚህ መጋዘን ውስጥ ነው ያደሩት። ትናንት ጠዋት ወጡ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ሶላት ላይ ነበርኩ። ያ ባለጌ፣ አንዱ የገበያ ዱርዬ፣ ‹ሲራራው እኮ ቀድሞዎታል፣ በቅሎዎችዎ ቡራዩ ደርሰዋል› ብሎ ቀለደባቸው። እሳቸው እውነት መስሏቸው እየተጣደፉ በጋራው መንገድ ወጡ። ስደርስ የሉም። ሰው ላክሁ፣ አልደረሰባቸውም።»

ጋራው ወጨጫ ነው። ከሰበታ ቡራዩ በዚያ በኩል የእግር መንገድ አለ፤ መኪና ግን የለም። መኪና የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ተመልሶ በሌላው በር መውጣት አለበት። ቀኑ መሽቶ ስለነበር ሐጂ «እንግዳ በዚህ ሰዓት አይሸኝም» ብለው ባለቤታቸውን ከድጃን ጠሩ። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ከድጃ ይህን አስታውሰው ከክርስቲያን ጎረቤታቸው ድስት ተውሰው በዘይት ሽሮ ሠሩልኝ። «ድስቱ የእናንተው ነው፣ አትጠራጠሪ» አሉኝ። እኔ ቤት እስላም እንግዳ ቢመጣ ይህን ያህል አስብ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱ ደስ አላሰኘኝም።

ከእራት በኋላ ከስኳር መጠቅለያው ወረቀት ቀድጄ በእርሳስ ማስላት ጀመርኩ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምሰጠው ጥያቄ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ሌላው ዘግይቶ ይነሣና ይፈጥናል፣ የት ላይ ይገናኛሉ? ሐጂ ከላዬ ሆነው ተመለከቱ።

«ምንድን ነው የምታሰይው?»

«የት እንደምደርስባቸው ነው ሐጂ። በመሐላችን ያለውን ርቀት ከፍጥነታችን ልዩነት ጋር አስልቼ ነው።»

«ይመጣል?»

«ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ይመጣል።»

«አላህ እዚህም ያምጣው» አሉና መብራቱን አቀረቡልኝ። አልመጣም። ሁለት ሰው በአንድ መንገድ ሲሄድ ነው ሒሳቡ የሚሠራው። የእኔና የአባቴ መንገድ ግን አንድ አልነበረም፤ እሳቸው በጋራው ሲያቋርጡ እኔ ወደ መሐል ተመልሼ እንደገና እወጣለሁ። ብዙ ርቀት እጓዛለሁ፣ ግን ወደ እሳቸው የምቀርበው ጥቂት ነው። ወረቀቱን አጣጥፌ ምድጃው ውስጥ ጣልኩት።

ዓርብ

ከድጃ ጭብጦ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ሐጂ እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ፤ ሾፌሩን «ይቺን ልጅ አደራ» አሉት።

አዲስ አበባ ገብቼ በሰፈሬ አጠገብ አለፍኩ። የቤቴ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ወርጄ ልብስ ልቀይር ብዬ አሰብኩና በሩን ከፍቼ የአባቴን ባዶ መደብ ማየቱን ፈራሁት። በሴይቼንቶ ታክሲ አስኮ ድረስ ሄጄ፣ ከዚያ የአምቦ መንገድ አውቶቡስ አገኘሁ። በመስኮቱ ወጨጫን በስተግራ አየሁት። ከቅርብ ያለው ባሕር ዛፍ እየሮጠ ያልፈናል፤ ጋራው ግን አብሮን የሚሄድ ይመስላል። የሩቅ ነገር ለሚጓዝ ሰው እንዲህ ነው፤ አይቀድምህም፣ አይቀርልህም። እዚያ ጋራ ላይ አባቴ አንድ ሌሊት ብቻቸውን አድረዋል። ያን ያወቅሁት ቡራዩ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ቡራዩ ላይ ከገፈርሳ ውሃ ወዲህ፣ ወተት ለከተማ የሚያቀርቡ አዴ ብርቄ የሚባሉ ሴት አሉ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ጠቆመኝ። ግቢያቸው ውስጥ ላም እያለቡ አገኘኋቸው።

«አካም ጅርቱ አዴ፣ አንድ ሽማግሌ…» ስል ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቢ! የጎጃሜው ልጅ ነሽ? ትናንት ማታ እዚህ ነው ያደሩት። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሄዱ።»

ሰበታ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ቀድመውኝ ነበር። እዚህ የቀደሙኝ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ርቀቱ እየጠበበ መሆኑን ሳስብ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። «ደረስኩባቸው እኮ! ነገ ደርሼባቸዋለሁ!» አልኩ።

አዴ ብርቄ አልሳቁም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ታች ያለችውን አንዲት ግራር አሳዩኝ። «ልጄ፣ ከዚያች ዛፍ እዚህ ደጅ ለመድረስ ስንቴ እንደተቀመጡ አይቻለሁ። ባለቤቴ ወርዶ ደግፎ ነው ያመጣቸው። ረቡዕ ሌሊት ጫካ ነው ያደርኩት ብለዋል። እግራቸው አብጧል፤ በሞቀ ውሃ አጠብኩላቸው።»

በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ርቀቱ የጠበበው እኔ ስለፈጠንኩ አልነበረም። እኔ እንደ ሐሙሱ በአሮጌ አውቶቡስ ነው የመጣሁት። የቀነሰው የእሳቸው ፍጥነት ነው። ወደ አባቴ በቀረብኩ መጠን የማገኛቸው አባት እየቀነሰ ነበር።

«ለምን ለቀቃችኋቸው?» አልኩ። ድምፄ እንደ ክስ ነበር።

አዴ ብርቄ አልተቆጡም። «ማሎ፣ እባክሽ፣ እንዴት ብዬ ልያዛቸው? ይዋሉ ብል እምቢ አሉ። ‹ልጄ ሱሉልታ ላይ ትጠብቀኛለች› አሉኝ። ልጅ የሚጠብቀውን ሰው ማን ያስቀራል?»

ከቡራዩ ሱሉልታም እንደዚያው ነው፤ የእግር መንገዱ በገፈርሳ አልፎ ከእንጦጦ ጀርባ ይዞራል፤ መኪናው ግን በከተማው መሐል ነው። የአዴ ብርቄ ባለቤት ኦቦ ዳባ ከእርሻ ሲመጡ ተመካከርን። እኔ በእግር ልከተል አልኩ። ኦቦ ዳባ ጫማዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ሌላው የክፍል ጥያቄ ታወሰኝ፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲመጡ የሁለቱ ፍጥነት ይደመራል፣ ቶሎም ይገናኛሉ። እኔ በከተማው ዞሬ ሱሉልታ ብደርስና ወደ እሳቸው ብመጣ፣ ኦቦ ዳባ ደግሞ ከኋላ ቢከተሉ፣ በመሐል ላይ እንይዛቸዋለን።

«ዱጋ፣ እውነትሽን ነው፣ ይሻላል» አሉ ኦቦ ዳባ። ዱላቸውን አንሥተው እርጎ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ። አዴ ብርቄ ግን ሳልበላ አለቀቁኝም፤ ጾመኛ ነኝ ብል የተቀቀለ ባቄላ በጨው አቀረቡልኝ።

የከተማው አውቶቡስ ቢጠበቅ ቢጠበቅ አልመጣም። በመጨረሻ እንጨት የጫነ መኪና ወስዶኝ አስኮ ስደርስ መሽቷል፤ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ነገር አልተገኘም። የፈራሁት ቤቴ ውስጥ ገብቼ አደርኩ። ብርድ ልብሱን ገፍፌ ተኛሁ። አባቴ በዚያ ብርድ ላይ ሆነው እኔ መሞቄን አልወደድኩትም። ሞኝነት ነው፤ እኔ ስለበረደኝ እሳቸው አይሞቃቸውም።

ቅዳሜ

በእንጦጦ ላይ የሚያልፈው የጎጃም መንገድ አውቶቡስ ሱሉልታ ሲያወርደኝ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነበር። በእኛ ሰፈር ኅዳር ማለት ጠዋት ሹራብ መደረብ ነው፤ ሱሉልታ ኅዳር ሣሩን ድርቅ አድርጎ ከእግር በታች ያንኮሻኩሸዋል። እዚያም እዚህም የድርቆሽ ክምር ቆሟል። ወደ ምዕራብ የሚሄደውን የእግር መንገድ ተያያዝኩት። ብዙም ሳልርቅ የጫማዬ ተረከዝ ተነቅሎ ቀረ፤ ሁለቱንም አውልቄ በእጄ ይዤ ሄድኩ።

አንድ ጎልማሳ በፈረስ ወደ እኔ መጡና ፈረሳቸውን ገቱ።

«የሽማግሌው ልጅ ነሽ?»

«እንዴት አወቁኝ?»

«ፊትሽ የእሳቸው ነው። የእሳቸውን ሰው ልፈልግ ወደ መንገድ መውጣቴ ነበር። ጉርሜሳ እባላለሁ።»

ኦቦ ጉርሜሳ ያን ጠዋት ለከብቶቻቸው ሣር ሊወስዱ ሲሄዱ አባቴን ከድርቆሽ ክምር ሥር አገኟቸው። ያለ ጋቢ ነበሩ። ተሸክመው ቤታቸው አግብተው እሳት አጠገብ አስተኝተዋቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ ከፈረሱ ወርደው እኔን አስቀምጠው ነበር፤ እሳቸው በእግራቸው ልጓሙን ይዘው እየመሩ።

አባቴን ሳገኛቸው በኦቦ ጉርሜሳ ቡሉኮ ተጠቅልለዋል። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ።

«ጽጌ» አሉ። ስሜን አልሳቱም። «ቀድመሽ ደረስሽ?»

«ደረስኩ አባዬ።»

«በቅሎዎቹስ?»

ሰበታ ላይ ያ ዱርዬ በነገራቸው ውሸት ላይ ሌላ ለመጨመር አፌ እምቢ አለ። «በቅሎዎቹ ተሸጡ እኮ አባዬ፤ ድሮ ነው የተሸጡት» አልኳቸው።

 «እህ» አሉ፤ «ታዲያ እኔ ምን ፍለጋ ነው ይኼን ሁሉ የሄድኩት?»  ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን እውነት በመናገሬ እስከ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ዳባ ደረሱ። ከኋላ ሲከተሉ አመሻሽ ላይ ዱካው ስለጠፋባቸው ገበሬ ቤት አድረው ነበር። ክንዳቸው ላይ የአባቴ ጋቢ ተጣጥፏል። «ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት» አሉ። የሱሉልታን ሌሊት ያለ ጋቢ ማደር ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

አካባቢው ሐኪም የለውም። ኦቦ ጉርሜሳና ኦቦ ዳባ ዋናው መንገድ ላይ ቆመው መኪና ለመኑ። ቅዳሜ ከጎጃም የሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ ሞልቶ አለፈ። የኦቦ ጉርሜሳ ባለቤት ሌሊቱን ሙሉ ገንፎና ትኩስ ውሃ ሲያመላልሱ፣ እኔ እጄን አባቴ ደረት ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ፍጥነትና ርቀት ለልጆች አስተምራለሁ። መኪና ግን ማስቆም አልቻልኩም።

እሑድ

ረፋድ ላይ ድርቆሽ የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ተገኘ። ጋቢናው ውስጥ አራስ ተቀምጣ ስለነበር ሾፌሩ ተጨነቀ። «እትዬ፣ አራሷን ማውረድ አልችልም፤ ከላይ ከተስማማችሁ ግን ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አለኝ። ኦቦ ጉርሜሳና ኦቦ ዳባ አባቴን ተቀባብለው ድርቆሹ ላይ አወጧቸው። ጋቢያቸውን አለበስኳቸው፤ ኦቦ ጉርሜሳ ቡሉኳቸውን ጨመሩ። «መልሺልኝ አላልኩሽም» አሉ፤ «ይሙቃቸው።»

ነፋሱ ፊታቸውን እንዳይመታቸው ጀርባችንን ለጋቢናው ሰጥተን፣ ፊታችንን ወደ ኋላ አድርገን ተቀመጥን። ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ነበር። መኪናው ሲነሣ ዓይናቸውን ገለጡ። ከፊታቸው ያለው ሰሜን ነው፤ የሱሉልታ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ የጎጃም መንገድ።

«ወደዚያ ነው?» አሉኝ።

መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የሚያዩት ሁሉ ከእኛ እየራቀ ነው። ቅዳሜ አንድ እውነት ነግሬያቸው ምን እንዳደረጋቸው አይቻለሁ።

«አዎ አባዬ፣ ወደዚያ ነው።»

«አገሩ ተለወጠ ይሆን?»

«አልተለወጠም።»

ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ያዝኩ። የእንጦጦን ዳገት ወጣን፣ ወደ ከተማው መውረድ ጀመርን። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ አብረን እንነሣለን፣ አብረን እንወርዳለን፣ በየመታጠፊያው አብረን እንዘነበላለን። አንድ መኪና ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው እንደቆመ ነው። ስለዚህ መቼ እንደሆነ አላወቅሁም። የኤንትሬው ድምፅ የትንፋሻቸውን ፉጨት ሸፍኖት ነበር።

ከተማው መግቢያ ያለው ኬላ ላይ መኪናው ቆመ፤ ሞተሩም ጠፋ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ከእኔ ሰውነት በቀር የሚነቃነቅ እንደሌለ ያወቅሁት። አባቴ ሞተዋል። ዓይናቸው እንደተገለጠ ነበር።

ከታች የኬላው ዘበኛ ሾፌሩን ሲጠይቅ ይሰማኛል።

«ምን ጭነሃል?»

«ድርቆሽ ነው። ላይ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሽማግሌው ታመዋል፣ ሐኪም ቤት ላደርሳቸው ነው።»

ዘበኛው በጎን ዞሮ ቀና ብሎ አየን። ቆቡን አወለቀ።

«እግዜር ይማርዎት አባቴ» አለ።

«አሜን» አልኩት፣ በእሳቸው ፈንታ።